የሜላንጌል ድንጋዮች፦ በአንዲት የዌልስ ገጠር አጥቢያ ላይ የተነሳው ክርክር

በኢንተርኔት መወያያ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ሰው ፍርዱን ይዞ ነው የመጣው። በዌልስ፣ በፖዊስ ሰሜናዊ ጫፍ፣ የበርዊን ተራሮች ባጠሩት የታናት ሸለቆ ውስጥ ፔናንት ሜላንጌል የምትባል ትንሽ የገጠር አጥቢያ አለች። በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ የቅድስት ሜላንጌል መካነ መቃብር ቆሟል። በሰሜን አውሮፓ ሮማኔስክ በሚባለው የመካከለኛው ዘመን አሠራር ከተሠሩት መካነ መቃብሮች ሁሉ ጥንታዊው፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ እየተባለ ይነገርለታል። ከፋቹ ይህ ስም አይገባውም አለ። ዛሬ የሚታየው ነገር በ1958 የተገጣጠመ፣ በ1991 ደግሞ እንደገና የቆመ ስለሆነ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ገድሏም ዘግይቶ የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ የአጥቢያዋ ታሪክ ለጎብኚ ሲባል የተቀናበረ ነው የሚል ነበር አቋሙ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሩ ረዝሟል። ብዙ ሰው ከመሐል ገብቶ መጨረሻውን ሳያይ ስለሚወጣ ምላሾቹን በየተራ ቁጥራቸው መተረክ ይሻላል ብዬ ተነሳሁ። እኔ ከከፋቹ ጋር እንደማልስማማ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ሆኖም ያነሳው ነገር ባይነሳ ኖሮ ከስር የመጣው ዕውቀት ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ቁጥር 1 ከፋቹን በአክብሮት አመስግኖ፣ ታሪኩን ለማያውቁት ገድሉን ከሥሩ አስቀመጠ። ሜላንጌል የአየርላንድ ንጉሥ ልጅ ነበረች። አባቷ ሊድራት ቢያስብ ለእግዚአብሔር ተስያለሁ ብላ ሸሽታ ወደዚህ ሸለቆ መጣች፤ በዱር ውስጥም ብቻዋን ዓመታት ኖረች። አንድ ቀን የፖዊሱ ገዢ ብሮሕዌል ለአደን ወጣ፤ ውሾቹም ጥንቸል አስነሱ። ጥንቸሏ እሾሃም ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። እዚያ አንዲት ቆንጆ ድንግል ተንበርክካ ትጸልይ ነበርና ቀሚሷ ሥር ተሸሸገች። ገዢው ውሾቹን ያዙ እያለ ቢጮህም ውሾቹ እያላዘኑ ወደ ኋላ ሸሹ፤ የአዳኙም ቀንደ መለከት ከከንፈሩ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ብሮሕዌል ነገሩን ሲረዳ ምድሪቱን ሰጣት፤ ለሰውም ለእንስሳም መማጸኛ እንድትሆን።

ቁጥር 2 አጭር ጥያቄ ነበር፤ መንደሩ አሁንም አለ ወይ? ቁጥር 3 መንደር የሚባል እንደሌለ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ጥቂት ቤቶች ብቻ እንደቀሩ፣ ቅርቡ መንደር ላንገኖግ እንደሆነ ነገረው። ከዚያ ቁጥር 1 ላይ እርማት ጨመረ፦ ገድሉ ሜላንጌልን ብቻዋን በመኖሯ ብቻ አያስታውሳትም፤ ኋላ ላይ ሌሎች ደናግል ተሰብስበውላት የማኅበር እናት ሆናለች። እርማቱ ተገቢ ነበር። አጥቢያዋ የተመሠረተችው በአንዲት ሴት አለቅነት ነው የሚለው ትውፊት ለዚያ ሸለቆ ሰዎች ትልቅ ቦታ አለው።

ቁጥር 4 የክሩን ሙቀት ለወጠው። ጸሐፊው ታሪክ ያነበበ ሰው ነው፤ ያስታውቃል። ገድሉ አደኑን በ604 ያደርገዋል። ብሮሕዌል ግን የ6ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰው ነው፤ የልጅ ልጁ ሴሊቭ በ616 አካባቢ በቼስተር ጦርነት ላይ የፖዊስን ጦር እየመራ ወድቋል። እንግዲህ አያትየው በ604 ዱር ለዱር ጥንቸል ሲያሳድድ የሚገኘው በስንት ዕድሜው ነው? ብሎ ጠየቀ። ከዚህም በላይ በእጅ ያሉት የገድሉ የላቲን ቅጂዎች ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አይቀድሙም፤ ማለትም ከታሪኩ ጊዜ ወደ ሺህ ዓመት ግድም ይርቃሉ። ቁጥር 5 ራሱ ከፋቹ ነበር። ደስ ብሎት፣ ይኸው ነገሬ ተረጋገጠ አለ።

አልተረጋገጠም። ቁጥር 4 ያፈረሰው የገድሉን ዘመን አቆጣጠር ነው እንጂ የድንጋዮቹን ዕድሜ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስ እየተደበላለቁ ሰውን አድክመዋል።

ቁጥር 6 የክሩ ምርጥ ምላሽ ነው፤ ረጅም ነው፣ ግን አንድም ትርፍ ነገር የለበትም። መካነ መቃብሩ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአምዶችና በቅስቶች ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ጣሪያው ቀጥ ብሎ የሾለ፣ ቅጠላ ቅጠል የተቀረጸበት የድንጋይ ሥራ ነበር። ምእመናን ከሩቅ እየመጡ ይሳለሙት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፕሮቴስታንቱ ተሐድሶ ዘመን ፈረሰ። የፈረሰው ድንጋይ ግን ከአጥቢያው አልወጣም። ገሚሱ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ ተገነባ፤ ገሚሱ በደጀ ሰላሙ ላይ ገባ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጥንታዊ ነገር የሚያጠኑ ሰዎች ሲመጡ ባለ ቅርጽ ድንጋዮቹን እዚያው በግድግዳው ላይ አገኟቸው። በ1958 በተደረገው ቁፋሮ ጊዜ ድንጋዮቹ ተሰብስበው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ በነበረው ክፍል ውስጥ መካነ መቃብሩ ተገጣጠመ። ከ1987 ጀምሮ ሌላ ትልቅ ቁፋሮና እድሳት ሲደረግ ደግሞ ተነስቶ ወደ መቅደሱ ገባ፤ በ1991 የቆመውም እሱ ነው። ያ የምሥራቅ ክፍልም የራሱ ታሪክ አለው፦ መጀመሪያ ግማሽ ክብ ነበር፤ ኋላ ፈርሶ በአራት ማዕዘን ተተካ፤ በመጨረሻው እድሳት በጥንቱ መሠረት ላይ እንደገና ግማሽ ክብ ሆኖ ተሠራ።

የቁጥር 6 ነጥብ ግልጽ ነው። የጎደለውን ለመሙላት አዲስ ድንጋይ ገብቷል፤ ይህን ማንም አልደበቀም። ቅርጹን ያወጡት እጆች ግን የ12ኛው ክፍለ ዘመን እጆች ናቸው። እኔ የምጨምረው አለ። አንድ ቅርስ እውነተኛ ነው የሚያሰኘው መቼም ሳይነካ መቆሙ ከሆነ በአውሮፓ ገጠር እውነተኛ የሚባል ነገር ጥቂት ነው። የሜላንጌል ድንጋዮች ወደ አራት መቶ ዓመት ግድም ተበትነው ሲኖሩ ከራሷ አጥቢያ ቅጥር አልወጡም። ለለንደን ሙዚየም አልተሸጡም፤ የባላባት አትክልት ቦታ ማስጌጫ አልሆኑም። ከፋቹ ይህን ነገር አንድ ጊዜም ቆም ብሎ አላሰበበትም።

ቁጥር 7 የፈረሰበትን ምክንያት አስረዳ፤ በ1538 ከሄንሪ 8ኛ መንግሥት የወጣው ትእዛዝ በቅዱሳን መካነ መቃብር ፊት መሳለምንና ስዕለት ማግባትን እንደከለከለ፣ በእንግሊዝም በዌልስም ብዙ እንደፈረሰ። ቁጥር 8 አንድ ቆንጆ ግምት አመጣ፦ ምእመናኑ ትእዛዙን ፈጽመው ሲያበቁ ድንጋዮቹን ሆን ብለው በግድግዳው ውስጥ ሸሸጓቸው፤ ጊዜው ሲለወጥ ይወጣሉ ብለው።

ቁጥር 9 በዚህ ላይ ተቆጣ። ሲጀምር እርስዎ እያለ ነበር፤ ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ አንተ ሆነ። በተራራማ ሸለቆ ውስጥ የተጠረበ ድንጋይ ውድ ነው፤ አጠገብህ ተዘጋጅቶ የወደቀ ድንጋይ እያለ ሌላ ለማምጣት ጋሪ የሚጭን ሞኝ የለም፤ ይህ ቁጠባ እንጂ እምነት አይደለም አለ። ቁጥር 8ን በምኞት ታሪክ የሚጽፍ ብሎም ዘለፈው። ቁጥር 10 አወያዩ ነበር፤ ስድቡ ይቅር፣ ነጥቡ ይቀጥል ብሎ አሳሰበ።

በነጥቡ ከሄድን ቁጥር 9 አይሳሳትም፤ ግን አይጨርሰውም። ሰው በቁጠባም በፍቅርም አንድን ድንጋይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ይኖራሉ። ለዚህ ከድንጋይ ውጭ ያለ ማስረጃ የመጣው በቁጥር 11 ላይ ነው። ቶማስ ፔናንት የተባለው ዌልሳዊ ተጓዥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ሲያልፍ የሰማውን ጽፏል። የአጥቢያዋ ሰዎች ጥንቸሎችን የሜላንጌል ጠቦቶች ይሏቸው ነበር፤ ከእሱ በፊት እስከነበረው ክፍለ ዘመን ድረስም በዚያ ምድር ጥንቸል የሚገድል አልነበረም። ውሻ ያባረራትን ጥንቸል አይቶ እግዚአብሔርና ቅድስት ሜላንጌል ካንቺ ጋር ይሁኑ ብሎ የጮኸ ሰው ካለ ጥንቸሏ ታመልጣለች ተብሎ ይታመን ነበር። ይህ የሆነው መካነ መቃብሩ ከፈረሰ በኋላ ነው። የሚሳለሙት ነገር በሌለበት፣ ሃይማኖቱም በይፋ በተለወጠበት ዘመን፣ ድሃ ገበሬ ደጁ ድረስ የመጣለትን ሥጋ ሳይነካ እየተወ ቅድስቲቱን አሰባት። ከፋቹ ለጎብኚ የተቀናበረ ያለው ታሪክ እንግዲህ ጎብኚ ባልነበረበት ጊዜ በሕይወት የኖረ ታሪክ ነው። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አልቋል።

ክሩ ግን አላለቀም። ቁጥር 12 በእንግሊዝ ድንበር በኩል የምትኖር ሴት ናት፤ ቦታውን በዓይኗ አይታዋለች። ጽሑፏ ረጋ ያለ ነው። ቅጥሩ ክብ ነው፤ በዙሪያው እጅግ ያረጁ የው የሚባሉ ዛፎች አሉ፤ ዕድሜያቸው ሁለት ሺህ ዓመት ይደርሳል ይባላል። ውስጥ ሲገባ በመቅደሱና በምእመናኑ መካከል የ15ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ግርዶሽ አለ፤ በላዩም አደኑ ተቀርጿል፦ ገዢው፣ ቅድስቲቱ፣ ጥንቸሏ። እሷን ከሁሉ የነካት ሰዎች በመካነ መቃብሩ ላይ የሚተዉት በወረቀት የተጻፈ የጸሎት ልመና ነበር። ቁጥር 4 ለሷ በትሕትና መልሶ፣ ያ የእንጨት ቅርጽ የራሱን ክርክር በከፊል እንደሚያዳክም ተቀበለ፦ ታሪኩ በእጅ ካሉት የገድሉ ቅጂዎች በፊት በአጥቢያው ውስጥ በእንጨት ተጽፎ ነበርና። እንዲህ ያለ ተከራካሪ ይብዛልን።

ቁጥር 13 ወደ አገር ቤት ወሰደን። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከስልሳ አንበሳና ከስልሳ ነብር ጋር እያየን ያደግን ሰዎች ጥንቸል በቀሚሷ የሸሸገች ድንግል እንዴት ታስገርመናለች አለ። ቁጥር 14 ቆጣ ብሎ መለሰው፦ የሰው ታሪክ በተነሳ ቁጥር ወደ ራስ መጎተት ይቅር፣ ሜላንጌል በራሷ ሸለቆ ትታይ። እኔ ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። ቁጥር 13 የጻፈው ከፍቅር ነው። ነገር ግን የዚያች አጥቢያ ታሪክ የታሰረው በዌልስ ሕግ፣ በዌልስ መሬትና በዌልስ ጠብ ነው፤ በዚያው ቢቀጥል ይሻላል።

ቁጥር 15 ስለ ቁፋሮው ጨመረ። ከመሬቱ ሥር የነሐስ ዘመን መቃብሮች ምልክት ተገኝቷል፤ ማለትም ክርስትና ከመምጣቱ ብዙ አስቀድሞ ሰዎች ሙታናቸውን የሚያመጡት እዚያው ቦታ ነበር። ወዲያውም አንድ ሌላ ሰው፣ ቁጥር 16፣ ፖዊስ የጥንት ግዛት ስም ቢሆንም የዛሬው አውራጃ በ1974 የተመሠረተ ስለሆነ የአጥቢያዋ ሰዎች ራሳቸውን በቀድሞው አውራጃ ስም የሞንትጎመሪሸር ሰዎች ነን ማለታቸው ትክክል ነው አለ። ከፋቹን ማረሙ ነበር።

ቁጥር 17 እና 18 በሁለት የድንጋይ ምስሎች ላይ ተጣሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አንድ የተኛ የጦር ሰው ምስልና አንዲት የተኛች ሴት ምስል አሉ። ቁጥር 17 ወንዱ የዌልስ ገዢ የነበረው የታላቁ ሉዌሊን አባት ዮርዌርዝ ነው፣ ከወንድሞቹ ሸሽቶ መጥቶ በዚህ መማጸኛ ተጠግቶ ነበር፣ በአቅራቢያውም ተገደለ አለ። ቁጥር 18 ምስሉ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፣ ዮርዌርዝ ግን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው የሞተው አለው። ቁጥር 17 መቶ ዓመትና ሁለት መቶ ዓመት ዘግይቶ መታሰቢያ ማስቀረጽ የተለመደ ነው ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ፤ አላሳመነኝም። ሴቲቱን በተመለከተ ትውፊቱ ሜላንጌል ናት ይላል፤ ከጎኗ የተቀረጹትን እንስሳት ጥንቸል ናቸው የሚሉ አሉ። እሱን ማንም አልከራከረም።

ከዚያ የአጥንቱ ነገር መጣ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ረጅም የጎድን አጥንት አለ፤ አንዳንዱ የግዙፍ ሰው፣ አንዳንዱ የራሷ የሜላንጌል ነው ይል ነበር። ቁጥር 19 የዓሣ ነባሪ ነው ብሎ በአንድ መስመር ጨረሰው። ቁጥር 20 ዓሣ ነባሪ ተራራ ላይ ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም፤ ጥያቄው ግን ጥሩ ነው።

ከቁጥር 21 እስከ 23 ያለው ከአጥቢያዋ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ ሆኖም በከንቱ አልወጣም። በተራራው ወዲያ ያለችው አጥቢያ ላንራያደር ናት። ከ1578 ጀምሮ የዚያ ቄስ የነበሩት ዊልያም ሞርጋን ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ዌልስ ቋንቋ መልሰው በ1588 አሳተሙ፤ በመጨረሻም የዚያው ሀገረ ስብከት፣ የሴንት አሳፍ፣ ጳጳስ ሆኑ። ቁጥር 21 የዌልስ ቋንቋ እስከዛሬ የተረፈው በዚያ መጽሐፍ ነው አለ። ቁጥር 22 ሞርጋን ከአካባቢው ባላባት ጋር ከመጣላታቸው የተነሳ በልብሰ ተክህኗቸው ሥር ሽጉጥ ይዘው ይሰብኩ ነበር እየተባለ እንደሚነገር ጨመረ። ቁጥር 23 ደግሞ መንግሥት ትርጉሙን በ1563 በሕግ ያዘዘው ለዌልሶች አዝኖ ሳይሆን አዲሱን ሃይማኖት እንዲቀበሉ ነው አለ። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሰዎች የተሰጣቸውን መጽሐፍ የራሳቸው አድርገውታል።

ቁጥር 24 የክሩን መራራ ክፍል ከፈተ። ስለ ቅድስቲቱ ብዙ ተወራ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በላባቸው ያቆዩት ሰዎች ግን ተረሱ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው የዌልስ ገበሬ ከመንግሥታዊው ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በየራሱ የጸሎት ቤት ይሰበሰብ ነበር፤ አሥራት ግን ለማይሄድበት ቤተ ክርስቲያን ይከፍል ነበር። በ1880ዎቹ በሰሜን ዌልስ አልከፍልም ያለው ገበሬ ከብቱ እየተነዳ ለሐራጅ ቀረበ፤ ፖሊስና ወታደርም ወጣበት። በ1891 የወጣው ሕግ ክፍያውን በባለ መሬቱ ላይ አዞረው። የ1914ቱ ሕግ ደግሞ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በዌልስ መንግሥታዊነቷ እንዲያበቃ አደረገ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አዘግይቶት በማርች 31 ቀን 1920 ተፈጸመ። ቁጥር 25 ይህ ሁሉ ፖለቲካ ነው፣ ቦታው እዚህ አይደለም ብሎ በቁጣ መለሰ። ቁጥር 24 ከመጀመሪያው ብሶ ተመለሰና አጥቢያ ማለት ጣሪያ ብቻ አይደለም፣ ከፋዩም ነው አለው። ቃሉ ሻካራ ነበር፤ ነገሩ ግን ትክክል ነበር። የትንሽ አጥቢያ ታሪክ ሲጻፍ ቅርጽ ያለው ድንጋይ ገጽ በገጽ ይዘረዘራል፤ ከብቱ የተነዳበት ገበሬ በአንድ መስመር ያልፋል።

ቁጥር 26 ይህንኑ አያይዞ የሸለቆው ሕዝብ የት እንደሄደ አስረዳ። በ1692 ላንገኖግ ላይ እርሳስ ተገኘ፤ ለፖዊስ ቤተ መንግሥት ጌቶች ብዙ ገንዘብ አስገባ። ኋላ ስሌት የሚባለው የጣሪያ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ሠራተኛ ሰበሰበ። በ1904 በሸለቆው ውስጥ አነስተኛ የባቡር መስመር እስከ ላንገኖግ ተከፈተ፤ በ1951 መንገደኛ ማመላለሱን አቆመ። ማዕድኑ ሲያልቅ፣ ካባው ሲዘጋ፣ ወጣቱ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያድስ እጅ ጠፋ። በ1980ዎቹ ሕንጻው ይፈርስ ወደሚባልበት ደረጃ ደርሶ ነበር። ያዳኑት ፖል ዴቪስ የተባሉ ቄስና ባለቤታቸው ኤቭሊን ናቸው፤ እድሳቱ እንዲጀመር ታገሉ፤ ኤቭሊን ደግሞ በካንሰር ለታመሙ ሰዎች ማረፊያና የጸሎት አገልግሎት በዚያው ጀመሩ። ቁጥር 12 ያየቻቸው የልመና ወረቀቶች ከየት እንደመጡ ከዚህ ይገባል። መካነ መቃብሩ ዛሬ የሙዚየም ዕቃ አይደለም፤ የታመመ ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ነው።

ቁጥር 27 ላይ ከፋቹ ተመለሰ። አቋሙን በግማሽ ለሰለሰ፦ ድንጋዮቹ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መሆናቸውን እቀበላለሁ፣ አቋቋሙ ግን የዘመናችን ስለሆነ መግለጫው ላይ በጉልህ ይጻፍ አለ። ቁጥር 9 ያ ቁጡ ሰው እንኳ በዚህ ተስማማ። እኔም በዚህ ቅር አይለኝም፤ ለአንባቢ እውነቱን መንገር ቅድስቲቱን አያሳንሳትም። የማልቀበለው ከፋቹ በመጨረሻ የጨመረውን ነው፤ ጥንታዊው የሚለው ስም ፈጽሞ ይነሳ ይላል። የቆመው ከጥንታዊ ድንጋይ ከሆነ፣ በተሠራለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሆነ፣ ለተሠራለትም ጸሎት ከዋለ፣ ስሙን የሚያጣበት ምክንያት የለም።

ቁጥር 28 ሙዚቃ ወዳጅ ነው፤ በዌልስ በገና ስሟ የገነነው ናንሲ ሪቻርድስ በ1979 አርፋ የተቀበረችው በዚሁ ቅጥር ውስጥ እንደሆነ አስታወሰ። ቁጥር 29 እዚያ እንዴት ይደረሳል ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 12 መለሰችለት፦ ከላንገኖግ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሆን ጠባብ መንገድ ነው፤ ሁለት መኪና አያሳልፍም፤ ከፊት ትራክተር ከመጣ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። በዓሏ በአውሮፓውያኑ ሜይ 27 ነው። ቁጥር 29 በዚያን ቀን ሄዶ የተቀረጸውን የእንጨት ግርዶሽ ፎቶ አንስቶ እንደሚለጥፍ ቃል ገብቷል፤ ቁጥር 4 ደግሞ የጥንቸሏን ክፍል በቅርበት እንዲያነሳለት ለምኖታል።